አፍተግር በበረት ሲጠረጠር፦ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ማገገም የሚከናወን ሥራ

አፍተግር ከብትን፣ በግን፣ ፍየልን፣ አሳማንና ሌሎች ሰኮናቸው የተሰነጠቀ የቤትና የዱር እንስሳትን የሚያጠቃ፣ በቫይረስ የሚመጣና እጅግ ፈጥኖ የሚዛመት በሽታ ነው። ካደጉ ከብቶች መካከል የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ5 አይበልጡም፤ አንዳንድ አርቢዎች «ያልፋል» እያሉ በቸልታ የሚያዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ወተት ይነጥፋል፣ የደለበው ይከሳል፣ ለሥራ የሚፈለገው በሬ መቆም ያቅተዋል፣ ጥጆች በድንገት ይረግፋሉ፣ ገበያም ይዘጋል። በሽታው በአንድ በረት ይቁም ወይም አካባቢውን ያዳርስ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ጥርጣሬው በተፈጠረበት ቀን የሚደረገው ነገር ነው። የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሥራውን ማቆየት አይገባም፤ የተጠረጠረ በረት ነፃ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደታመመ መቆጠር አለበት።

ምልክቱን መለየት

ቫይረሱ ወደ እንስሳው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ከ2 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በወተት ላሞች ዘንድ አስቀድሞ የሚታወቀው ነገር ብዙ ጊዜ የወተት በድንገት መቀነስ ነው። ቀጥሎ የሰውነት ሙቀት ወደ 40 እና 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወጣል፤ እንስሳው መኖ ይተዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ለሃጩ እንደ ክር እየተሳበ ይንጠባጠባል፤ አፉን ደጋግሞ እየከፈተና እየዘጋ ድምፅ ያሰማል፤ የሚያቃጥል ነገር የረገጠ ይመስል እግሩን ያራግፋል፤ የሰውነቱን ክብደትም ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዘዋወረ ይቆማል።

ምርመራው መልካም ከሚመስሉት እንስሳት ይጀመርና በታመሙት ያበቃል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መርማሪው ራሱ በሽታውን ያዛምታል። ጓንት ተደርጎ እንስሳው በሚገባ ከታሰረ በኋላ የከንፈር ውስጥ፣ ድድ፣ ላንቃና ምላስ በብርሃን ይታያሉ። የአፍተግር መለያ የሆነው ውሃ የቋጠረው እብጠት ምላስ ላይ ከወጣ፣ ምላሱ ተይዞ ሲሳብ የላይኛው ቆዳ ተገሽልጦ በመርማሪው እጅ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ከሥሩ የሚታየው ሥጋም ቀይና የሚደማ ነው። እግር ሲታይ ጭቃውና እበቱ በውሃ መታጠብ አለበት፤ ምክንያቱም ቁስሉ የሚገኘው በሁለቱ ጥፍሮች መካከልና ጥፍር ከቆዳ በሚገናኝበት ዙሪያ፣ ማለትም ቆሻሻ በሚደብቀው ቦታ ነው። የላሞች የጡት ጫፍም መታየት አለበት።

በግና ፍየል ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ቀላል ስለሆነ ያታልላል። አፋቸው ውስጥ ያለው ቁስል ትንሽ ነው፤ በጥቂት ቀናትም ይድናል፤ እረኛው የሚያየው ማነከሳቸውን ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ በርከት ያሉ በጎች ማነከስ ከጀመሩ ጉዳዩን ለእሾህ ወይም ለድንጋይ መስጠት አይገባም። በ2001 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ብሪታንያ ውስጥ በሽታው ገና ሳይታወቅ አገሩን ያዳረሰው በአብዛኛው በገበያዎች በኩል በተዘዋወሩ በጎች አማካይነት ነበር፤ እሱን ለማቆምም ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደዋል። አሳማ ደግሞ በተቃራኒው ክፉኛ ይታመማል፤ አፍንጫው ላይ ይቆስላል፣ ጥፍሩ ሊወልቅ ይችላል፣ ሲተነፍስም ከከብት እጅግ የሚበልጥ ቫይረስ ወደ አየር ይለቃል። ስለዚህ አሳማና ከብት በአንድ ግቢ በሚረቡበት ቦታ አደጋው እጥፍ ድርብ ነው።

ጥጆች፣ ግልገሎችና የአሳማ ግልገሎች አንዳች ቁስል ሳይታይባቸው ሊሞቱ ይችላሉ። ቫይረሱ የልብን ጡንቻ ስለሚያጠቃ ትናንት ሲጠባ የነበረ ጥጃ ጠዋት ወድቆ ይገኛል። አስከሬኑ በባለሙያ ሲከፈት ልቡ ላይ ግራጫ ወይም ቢጫማ ዝንጉርጉር መስመር ሊታይ ይችላል። እናቶቹ ለሃጫቸውን እያዝረበረቡ ግልገሎቹ የሚሞቱበት መንጋ ካለ ሌላ ማስረጃ ሳይጠበቅ ወደ ሥራ መግባት ያስፈልጋል።

ከቁስሉ ዕድሜ ቀኑን ማወቅ

ብዙዎች የሚዘሉት፣ ነገር ግን በጣም የሚጠቅም ነገር የቁስሉን ዕድሜ መገመት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቦታው ይነጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ በሁለተኛው ቀን ይፈነዳል፣ ጠርዙ የተቆረጠ ያህል ስለታም ሆኖ ጥሬ ቀይ ሥጋ ይታያል፤ በሦስተኛው ቀን ጠርዙ መደብዘዝ ይጀምራል፤ ከአራተኛው ቀን ወዲያ ቢጫማ ንጣፍ ይሸፍነዋል፤ ወደ ሰባተኛው ቀን ገደማ ጠባሳ ይይዛል። ግምቱ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይሰፋል። እግር ላይ ያለው ቁስል በቆሻሻና በሌሎች ተህዋስያን ስለሚበላሽ ለዚህ ግምት የሚመረጠው የአፍ ቁስል ነው።

መንጋው ውስጥ ያረጀው ቁስል ያለበት እንስሳ ማን እንደሆነ ከታወቀ በሽታው ወደ በረቱ የገባበትን ጊዜ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። ለምሳሌ ያረጀው ቁስል 3 ቀን ከሆነው ቫይረሱ የገባው ከዛሬ 5 ቀን እስከ 17 ቀን በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእነዚያ ቀናት የተገዛ እንስሳ፣ የመጣ የጭነት መኪና፣ ወተት ሰብሳቢ፣ አዳቃይ ባለሙያ፣ ነጋዴና ጎረቤት ሁሉ በወረቀት ይጻፋል። በተመሳሳይ መንገድ ከበረቱ የወጣው ሁሉ ይመዘገባል፤ የዚህ ዝርዝር ጥቅም ለአርቢው ከሚሰጠው ይልቅ በሽታው ገና ላልደረሰባቸው ሰዎች የሚሰጠው ይበልጣል።

ከሚመስሉት በሽታዎች መለየት

አፍንና እግርን የሚያቆስሉ ሌሎች በሽታዎችም አሉ። የእግር መበስበስ ብዙ ጊዜ አንድ እግርን ብቻ ይይዛል፣ ይሸታል፣ አፍን አይነካም። በግና ፍየል ላይ ደስታ መሰል (ፒፒአር) የተባለው የቫይረስ በሽታ ከአፍ ቁስል ጋር የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ተቅማጥና ሳል ይዞ ይመጣል፤ ብዙም ይገድላል። ከአፍተግር በዓይን ፈጽሞ የማይለይ ውሃ የሚያስቋጥር የአፍ በሽታም አለ፤ ያ ግን ፈረስንና በቅሎን ጭምር ይይዛል፣ አፍተግር ግን የጋማ ከብትን አይነካም። በአንድ ግቢ ያለ ፈረስም አብሮ ከታመመ ይህንን ለሐኪሙ መንገር ተገቢ ነው።

የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ላብራቶሪ ነው። ናሙናው ካልፈነዳ ወይም አሁን ከፈነዳ እብጠት የሚወሰድ 1 ግራም ያህል ቆዳ ሲሆን፣ አሲድነት በሌለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ቀዝቅዞ ይላካል። ናሙናውን ፎርማሊን ውስጥ ማስገባት ቫይረሱን ስለሚገድለው ዓይነቱን ለመለየት አይጠቅምም። በዚህ ምክንያት የአርቢው ድርሻ አንድ ነገር አለማድረግ ነው፤ ሐኪም ከመድረሱ በፊት የእንስሳውን አፍ በሎሚ፣ በአቼቶ ወይም በሶዳ ማሸት የለበትም። እነዚህ ቫይረሱን የሚያጠፉ ነገሮች በመሆናቸው ናሙናውን ባዶ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ በሽታውን ግን አይፈውሱም።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ሐኪም ወይም የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ወዲያውኑ መጠራት አለበት፤ በአብዛኞቹ አገሮች አፍተግርን ማሳወቅ የሕግ ግዴታ ነው። ከዚያ በበሩ የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል፦ እንስሳ፣ ወተት፣ መኖ፣ ፍግ፣ ተሽከርካሪ፣ ሰው። የጋራ ግጦሽና የጋራ ውሃ በዚያው ቀን ይቋረጣል። ውሾች ይታሰራሉ፤ ዶሮዎች እንዳይበተኑ ይደረጋል፤ እነሱ ባይታመሙም በእግራቸውና በላባቸው ይሸከማሉ።

የታመመውን ለይቶ ማሰር አስፈላጊ ቢሆንም እንደማይበቃ መታወቅ አለበት። የታመመች ላም ምልክት ከማሳየቷ እስከ 4 ቀን አስቀድሞ ቫይረሱ በወተቷ ሊወጣ ይችላል፤ ኮርማም እንደዚሁ በዘሩ። ስለዚህ «ጤነኛ ናቸው» የሚባሉት የመንጋው አባላት ለውጭው ዓለም ጤነኛ አይደሉም። ከሁሉ የከፋው ድርጊት የመጀመሪያው ለሃጭ ሲታይ ገና ያልታመሙትን ቶሎ ወደ ገበያ ማውጣት ነው። ኪሳራን የማምለጥ ፈተናው ቢገባንም፣ አንድ የተደበቀ እንስሳ በአንድ የገበያ ቀን የሚያዛምተውን በሽታ አየር በወራት አያዛምተውም። በአየር መተላለፉ እውነት ነው፤ አመቺ የአየር ጠባይ ሲኖር በተለይ በባሕር ላይ እጅግ ሩቅ ሊሄድ ይችላል፤ ቢሆንም የዕለት ተዕለቱ አመላላሽ የእንስሳ እንቅስቃሴ፣ እጅ፣ ጫማና ጎማ ነው።

የሚቻል ከሆነ ለታመሙት አንድ ሰው ብቻ ይመደባል፤ ያ ሰው ወደ ሌላ በረት አይሄድም። ሠራተኛው አንድ ብቻ ከሆነ ጤነኞቹን አስቀድሞ፣ ሕሙማኑን በመጨረሻ ይንከባከባል፤ ሲጨርስም ልብሱንና ጫማውን እዚያው ትቶ ገላውን ይታጠባል። ቫይረሱ በሰው አፍንጫ ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል ሊቆይ ስለሚችል፣ ሕሙማንን የነካ ሰው ቢያንስ ለ3 ቀናት፣ ቢቻል ለአንድ ሳምንት ወደ ሌላ መንጋ ባይቀርብ ይመረጣል። ሰው ራሱ በዚህ በሽታ የሚያዘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያዝም በቀላሉ ያልፋል። ሕፃናት ላይ እጅን፣ እግርንና አፍን የሚያቆስለው በሽታ በሌላ ቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ማጽዳትና ፀረ ተህዋስያን መጠቀም

የቫይረሱ ድክመት አሲድና አልካሊ ነው። የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ6 ሲወርድ ወይም ከ9 ሲወጣ ፈጥኖ ይሞታል፤ ስለዚህ ውድ ኬሚካል የግድ አያስፈልግም። የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ በአንድ ሊትር ውሃ 40 ግራም ሲበጠበጥ ለጫማ፣ ለዕቃና ለጎማ ያገለግላል። ሲትሪክ አሲድ በሊትር 2 ግራም፣ አሴቲክ አሲድ ደግሞ ከመቶ 2 እጅ ይበቃሉ። ከመቶ 2 እጅ የሆነ ኮስቲክ ሶዳ ለሲሚንቶ ወለል ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፣ አሉሚኒየምንም ይበላል፤ ሲበጠበጥ ዱቄቱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም። አሲድና አልካሊ በአንድ ገንዳ ቢቀላቀሉ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ሁለት ጊዜ ያጸዳ የሚመስለው ሰው አንድም አላጸዳም ማለት ነው። በረኪናና አዮዲን ያለባቸው መድኃኒቶች እበትና አፈር ባለበት ቦታ ኃይላቸው ስለሚከዳ በእነሱ ላይ ብቻ መደገፍ አይበቃም።

ፀረ ተህዋስያን ቆሻሻን ሰርስሮ አይገባም። መጀመሪያ በብሩሽ፣ በውሃና በሳሙና የሚታይ ነገር ሁሉ ይነሣል፤ መድኃኒቱ የሚፈስሰው ከዚያ በኋላ ሲሆን 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በር ላይ የሚቀመጥ የጫማ ገንዳ ብዙ ቦታ የይስሙላ ነው፤ ጭቃ የሞላበት፣ ዝናብ ያቀጠነው፣ ለቀናት ያልተቀየረ ገንዳ ጫማን ከማርጠብ ያለፈ ሥራ የለውም። ከገንዳው አጠገብ ሌላ የማጠቢያ ባልዲና ብሩሽ ይቀመጣል፤ የጫማ ሥር ቀዳዳዎች በእንጨት ይጠረጋሉ፤ ገንዳው በየቀኑ፣ ሲቆሽሽም በዚያው ሰዓት ይቀየራል፣ ክዳንም ይደረግለታል። ተሽከርካሪ ሲጸዳ ከጎማው ሌላ የጎማ ጥላ ውስጡ፣ የእግር ምንጣፉና ፔዳሉ መረሳት የለባቸውም።

ቫይረሱ ከእንስሳ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ በሙቀትና በእርጥበት ይለያያል። በበጋ በደረቀ እበት ውስጥ እስከ 14 ቀን፣ በቀዝቃዛ ወቅት በረጠበ ፍግ ውስጥ ግን እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሕሙማን ፍግና ጉዝጓዝ በማሳ ላይ ሳይበተን በአንድ ቦታ ተከምሮ፣ ተሸፍኖና በራሱ ሙቀት እንዲብላላ ተደርጎ መቆየት አለበት።

ሕሙማንን መንከባከብ

በሽታው ሲገባ የታመመውንና የነካካውን ሁሉ የሚያስወግድ ሕግ ባለባቸው አገሮች የባለሥልጣኑ ትእዛዝ ይቀድማል። ሕክምና በሚፈቀድበት ቦታ ደግሞ ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት እንደሌለ አውቆ መነሣት ይገባል። አንቲባዮቲክ የሚጠቅመው ቁስሉ በባክቴሪያ ሲመረቅዝ ብቻ ነው፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ። ከመርፌ በላይ የሚሠራው እንክብካቤ ነው፦ ደረቅና ለስላሳ ጉዝጓዝ፣ ጥላ፣ እንስሳው ሳይራመድ የሚደርስበት ንጹሕ ውሃ፣ የሚያኝከው ለስላሳ መኖ። አፉ የቆሰለ ከብት ተርቦም ደረቅ ገለባ አይበላም፤ የተከተፈ እርጥብ ሣር ወይም በውሃ የራሰ ፉርሽካ ቢቀርብለት ግን ይሞክራል። ሕመም የሚያስታግሥ መድኃኒት ሐኪም ሲያዝለት ቶሎ ወደ መኖው ይመለሳል። የእግር ቁስል ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዝንብ ይጠበቃል፤ ሳይታይ የቀረ የእግር ቁስል ትል ያፈራል።

ጡቷ የቆሰለች ላም ስትታለብ ያማታል፤ ባትታለብ ደግሞ የጡት በሽታ ይይዛታል። ስለዚህ በትዕግሥት፣ በታጠበ እጅ፣ ከሁሉም በመጨረሻ ትታለባለች። ወተቷ ለሌሎች ጥጆች ወይም ለአሳማ አይሰጥም፤ አሲድ ወይም ሶዳ ተጨምሮበት ይወገዳል። ጥጆችን ከታመሙት መለየት ያድናቸዋል፤ ለይቶ ለመያዝ ግን ማሯሯጥ አይገባም፤ ልቡ የተጎዳ ጥጃ በሩጫ መካከል ወድቆ ሊቀር ይችላል።

አብዛኞቹ ያደጉ ከብቶች ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ሆኖም የወተቱ መጠን ወደ ቀድሞው ላይመለስ፣ ከብድ ላም ልትጨነግፍ፣ ጥፍር ተጣሞ ሊያድግ ይችላል፤ አንዳንዱም ጠጉሩ ረዝሞና ሙቀት መቋቋም አቅቶት በትንሽ ፀሐይ የሚያለከልክ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ከብት እንዲያገግም እያሉ ለዓመታት ማቆየት ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ክትባት

ቫይረሱ 7 ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፤ እነሱም ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤስያ 1፣ ሳት 1፣ ሳት 2 እና ሳት 3 ይባላሉ። ሲ የተባለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ወዲህ ሪፖርት አልተደረገም። በአንዱ የታመመ ወይም ለአንዱ የተከተበ እንስሳ ለሌላው መከላከያ የለውም፤ በአንድ ዓይነት ውስጥ እንኳ ልዩነት ስላለ ክትባቱ በአካባቢው ከሚዘዋወረው ጋር መጣጣም አለበት። «ከትበን ነበር፣ አልሠራም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ፣ ወይም ከአያያዝ ጉድለት የሚመነጭ ነው።

በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ክትባት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ብዙ ጊዜ በየ6 ወሩ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተወጋ እንስሳ ክትባቱን ጨርሷል ሊባል አይችልም። ከተከተበች እናት የተወለደ ጥጃ በእንገር ያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ክትባቱን ስለሚያዳክምበት የመጀመሪያ ክትባቱ ለጥቂት ወራት ይዘገያል፤ ወሩን ሐኪሙ ይወስናል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ ሙቀት ያበላሸዋል፣ በረዶ መሆንም እንዲሁ፤ ስለዚህ ብልቃጡ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ ወይም በካርቶን ይለያል።

በሽታው አጠገብ ሲደርስ የሚሰጥ ክትባት ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ማለትም ከበሽታው ርቀው ካሉት መንጋዎች ተጀምሮ ወደ ታመመው ይቀርባል። መከላከያው ለመፈጠር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ስለሚፈልግ ቫይረሱን አስቀድሞ የያዘ እንስሳ ከተከተበም በኋላ ሊታመም ይችላል። ሁሉንም መንጋ በአንድ መርፌ የሚከትብ ቡድን በሽታውን ከበረት ወደ በረት ያደርሳል፤ መርፌ ይቀየራል፣ ጫማና እጅ በየበረቱ ይጸዳል።

እንቅስቃሴን መልሶ መክፈት

በረቱ የሚከፈተው የመጨረሻው እንስሳ ስለዳነ ብቻ አይደለም፤ የሚከፍተው ባለሥልጣኑ ነው። ያገገመ ከብት ቫይረሱን በጉሮሮው ውስጥ እስከ 3 ዓመት፣ በግ ደግሞ እስከ 9 ወር ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ አሳማ ይዞ አይቆይም። የአፍሪካ ጎሽም ቫይረሱን ይዞ ይቆያል፤ ከእሱ ወደ ከብት መተላለፉ የታወቀ ሲሆን፣ ካገገመ ከብት መተላለፉ ግን ብርቅ ነው። ቢሆንም ያገገመን እንስሳ በሽታው ወዳልነካው መንጋ መቀላቀል የሚመከር አይደለም፤ ለሚገዛውም ታሪኩን መንገር ይገባል። አዲስ የሚገባ እንስሳ የራሱ ውሃና መኖ ተሰጥቶት ቢያንስ ለ4 ሳምንታት ተለይቶ ይቆያል። በእነዚህ ሳምንታት ሙቀቱ ይለካል፤ አፉና ጥፍሮቹም በየጊዜው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ሲቀላቀል መጀመሪያ ከጥቂት እንስሳት ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ በእነሱ ላይ ምንም ካልታየ ከ14 ቀን በኋላ ከመላው መንጋ ጋር መዋል ይችላል።